ከጅማ ገበያ እስከ ናይለን ክር

ጅማ የገባሁት ከሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤ ሸለቆ ሙቀት ጉድ ነው፤ ሽቅብ ከወጣን በኋላ ግን አየሩ ቀዝቀዝ፣ አገሩ አረንጓዴ ሆነ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። አንዲት እናት ቡናቸውን በጆንያ ይዘው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ያለው በቆሎ ሁሉ በማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ አፈሩ ላይ የሚበተነው ቢያልቅም ስሙ ለከረጢቱ ቀርቷል።

«እማማ፣ ቡናው ብቻ ለምን በጆንያ ሆነ?»

«ቡና ይተነፍሳል ልጄ። ማዳበሪያ ያፍነዋል።»

ከአንዱ ማዳበሪያ ጫፍ የተተረተረ ክር መዘዝኩ። ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ጥብጣብ። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። መነሻው ፕሮፒሊን የሚባል ጋዝ ነው። በጋዙ ሞለኪውል ውስጥ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር ተያይዘዋል። አንዱ ትስስር ሲከፈት ሞለኪውሉ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ያም ቀጣዩን፤ እንዲህ እያለ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። ምንም ነገር አይወጣም፤ መደመር ብቻ ነው። ችግሩ ሥርዓቱ ነበር። በሰንሰለቱ በየሁለተኛው ካርቦን ላይ የተንጠለጠሉት ቅርንጫፎች እንዳሻቸው ከተበተኑ የሚገኘው ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ክር አይወጣውም። ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ በ1954 እ.ኤ.አ. ቅርንጫፎቹን ሁሉ በአንድ ወገን የሚያሰልፍ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥንና የሚመራ ነገር፣ ተጠቀመ። ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ጠነከሩ። ኩንታል እህል የሚሸከመው ያ ሰልፍ ነው!

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። እዚያው ጅማ ኬሚስትሪ ያስተምራል። «ና፣ ክር የሚሠራበትን ሌላውን መንገድ ላሳይህ» አለኝ። ጓንት አጠለቅን። ብርጭቆ ውስጥ ሄክሳሜቲሊንዲያሚን የሚባል ኬሚካል የሟሟበት ውሃ አለ። በላዩ አዲፖይል ክሎራይድ የሚባል ሌላ ኬሚካል ያለበትን ሄክሳን፣ እንደ ቤንዚን ያለ ፈሳሽ፣ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ሄክሳኑ ይንሳፈፋል። የተገናኙበት ቦታ ላይ ወዲያው ስስ ነጭ ቆዳ ተሠራ። ናይለን ነው! በወረንጦ ይዞ ወደ ላይ ሳበው። ከሥሩ ሌላ ይሠራል፣ እሱ ይስባል። በመስታወት ዘንግ ላይ ጠቀለለው፤ ማለቂያ ያለው አይመስልም። እንደ ሕፃን ነበር ያየሁት።

በሁለቱም ኬሚካሎች ውስጥ ስድስት ስድስት ካርቦን ስላለ ስሙ ናይለን 6,6 ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዋላስ ካሮተርስ ዱፖንት በሚባለው የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ በ1935 እ.ኤ.አ. የሠራው ይሄንኑ ነው። እዚህ እንደ ፖሊፕሮፒሊኑ መደመር ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ በተያያዙ ቁጥር ትንሽ ነገር ይወጣል። በብርጭቆው ሃይድሮጂን ክሎራይድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በክሎራይዱ ፋንታ አዲፒክ አሲድ ስለሚገባ የሚወጣው ውሃ ነው። ውሃውን በሙቀት ካላባረሩት ሰንሰለቱ አይረዝምም። ፖሊስተርም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ክሩን በደንብ አጥበን አደረቅነው። ጠዋት ለእማማ ወስጄ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ጎተት አደረጉት። ተበጠሰ።

«ይሄማ ምን ያስራል?»

እኛ የሳብነው ስስ ቆዳ ነው፤ ገና አልተወጠረም። ፋብሪካ ግን ናይለኑን 265 ዲግሪ ገደማ ላይ አቅልጦ በጠባብ ቀዳዳ ያወጣዋል። ከዚያ የራሱን ርዝመት ብዙ እጥፍ እስኪሆን ይወጥረዋል፤ ሰንሰለቶቹ በክሩ አቅጣጫ የሚሰለፉት ያኔ ነው። ይሄን ነገርኳቸው።

እማማ ከኋላቸው ያለውን የቃጫ ገመድ አነሱ። «ይሄም እኮ ቃጫው ሳለ ብትጎትተው ይበጠሳል» አሉና አንድ ኪሎ ቡና ሰፈሩልኝ።