በእቁብ ብር የጌም ኮምፒውተር ገጠምኩ፤ መጀመሪያ ግን አቃጠልኩ

ጥር 2017 ላይ እቁብ ደረሰኝ። 40 ሺህ ብር። እማዬ ቁም ሳጥን ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። እዚህ ጂማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ ተረኛው ከጀርባዬ እየተቁነጠነጠ የተጫወትኩት ይበቃኛል። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ማንም «ጨርስ እንጂ!» ሳይለኝ መጫወት አማረኝ።

ሥራዬ ኮፒ ቤት ነው፣ ኪቶ ፉርዲሳ አጠገብ። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ነኝ። ፕሪንተር እፈታለሁ፣ ዊንዶውስ እጭናለሁ፣ የተማሪ ፍላሽ ከቫይረስ አጸዳለሁ። ስለዚህ «መገጣጠም ለእኔ ምን አላት!» አልኩ። ይቺ ኩራት ናት በኋላ 2,200 ብር ያስከፈለችኝ።

አዲስ ዕቃ ገና ከጅምሩ ከሐሳቤ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። በ40 ሺህ ሁሉንም አዲስ ልግዛ ብል ኬዝና ኪቦርድ ይዤ እቀር ነበር። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ የጌሙን ምስል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ መጨመር።

ጥፋቴ ከቅደም ተከተሉ ይጀምራል። መጀመሪያ የገዛሁት ካርዱን ነው። ሰው ሲጓጓ እንደዚህ ነው፣ ቤት ሳይኖረው መጋረጃ ይገዛል።

ዓይኔን የጣልኩት አርኤክስ 580 የሚባል ካርድ ላይ ነበር፣ ባለ 8 ጊጋው። የ2017 ካርድ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። አርጅቷል ግን ጉልበት አለው፤ 8 ጊጋ ሜሞሪ ደግሞ ያኔ በዚህ ዋጋ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ያገለገለው ገበያ ላይ የሞላበት ምክንያት አለው። እነዚህ ካርዶች ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ቀን ከሌት ሲለፉ ኖረዋል። መስከረም 5 ቀን 2015 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም ተባለ፤ የሥራ አጥ ካርድ ገበያውን አጥለቀለቀው።

አዲስ አበባ ያለውን ወንድሜን ላክሁት። ሁለት ነገር አስጠነቀቅሁት። አንደኛ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ 2048 የሚል ካለ ተጠንቀቅ። እሱ ለቻይና ገበያ የወጣ ዓይነት ነው፤ ስሙ 580 ይበል እንጂ አቅሙ የታናሹ የ570 ነው። ዋናው 580 በውስጡ 2304 ኮሮች (ስሌቱን የሚካፈሉ ክፍሎች) አሉት። ሁለተኛ፣ የካርድን ማንነት የምትናገረውን፣ ጂፒዩ ዚ የምትባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ያዝና ሳትከፍል ክፈታት። የድሮ ካርድ ስሙን አስቀይረው እንደ አዲስ የሚሸጡ አሉ፤ ፕሮግራሟ እንዲህ ያለውን «ፌክ» ብላ ታጋልጣለች። ወንድሜ የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ 1050 ቲአይ የተባለ ሌላ ካርድ ቢፈትሽ የተባለው ቃል ወጣ። ሻጩ «ፕሮግራሙ ነው የተበላሸው» አለው። ወንድሜም «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

ካርዱ በ14 ሺህ ተገዛ። በጋቢ ተጠቅልሎ፣ የእህቴ ልጆች ልብስ መሀል ተወሽቆ፣ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ መጣ። የግቤን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 4590፣ 8 ጊጋ ራም፣ 13,500 ብር። ረጅሙን ኬዝ ነው የመረጥኩት፤ ቀጭኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ካርድ አይገባም። ካርዱን በማስመሪያ ለካሁት፣ 24 ሴንቲ ሜትር። ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫውን ለጥቂት ሳይነካ ገባ። ደስ አለኝ። ከዚያ ኬብል ፍለጋ ጀመርኩ። ካርዱ ባለ 8 ቀዳዳ የመብራት ኬብል ይፈልጋል፣ መብራቱን ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው የዴሉ ፓወር ሰፕላይ ግን ይሄ ኬብል የለውም። ላዩ ላይ ሳነብ 290 ዋት ይላል። ካርዱ ብቻውን 185 ዋት ይበላል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ። የዴሉ ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) እንደ ሌላው ሰው 24 ቀዳዳ የለውም፤ የራሱ ባለ 8 ቀዳዳ ነው። ሌኖቮና ኤችፒም የየራሳቸው አመል አላቸው። ማንኛውም ፓወር ሰፕላይ ዝም ብሎ አይሰካበትም ማለት ነው። ከ24 ወደ 8 የሚቀይር አዳፕተር በ700 ብር አስመጣሁ። ፓወር ሰፕላዩን ግን «ይሄማ ምን ልዩነት አለው» ብዬ ከዚሁ ከጂማ፣ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። «500 ዋት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለበት። 2,200 ብር። ስከፍል እንዳተረፍኩ ነበር የተሰማኝ።

ማታ ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቼ ገጠምኩ። ካቻቢቴ በአፌ፣ የስልክ ባትሪ በእጄ። ሁሉንም ሰካሁ። ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኘሁት። ዲቫይደሩ ላይ ሰክቼ የጀርባውን ማብሪያ ጫን አደረግሁ።

ጧ!

ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፣ ከዚያ ድቅድቅ ጨለማ። የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። እማዬ ከጓዳ «የጎረቤትስ ጠፍቷል?» አለች። አልጠፋም፤ የእኛ ብቻ ነው። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

በማግስቱ የሞተውን ፓወር ሰፕላይ በፌስታል ይዤ ሄርማታ ሄድኩ። ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት አሉ። ገና ሳልናገር አሸተቱት። ጀርባውን ገልብጠው በጥፍራቸው አንዲት ቀይ ማብሪያ ነኩ።

«ይቺን አይተሃታል?»

«አላየኋትም ጋሼ።»

115 ላይ ነበረች። የእኛ መብራት 220 ነው። 115 ላይ ስትሆን ውስጡ ያለው ሰርኪዩት የገባውን ቮልት እጥፍ እያደረገ ነው የሚሠራው፤ ለአሜሪካ ዓይነት መብራት ታስቦ። 220 ሲገባበት ከ600 ቮልት በላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ላይ ይወርዳል። ከፍተው አሳዩኝ። ሁለት ካፓሲተሮች፣ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት የተጻፈባቸው፣ አናታቸው ተፈንድቶ።

«ማብሪያዋ ትክክል ብትሆንም ይሄ ዕቃ አይሆንህም ነበር» አሉኝ። ከሼልፍ አንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አውርደው በአንድ እጄ አስያዙኝ፣ የእኔን በሌላው። የእኔ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር የሚመስለው። «አንተ ልጅ፣ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ትመዝናለህ!»

ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አስነበቡኝ። ከትልቁ 500 በታች ማንም የማያየው ሠንጠረዥ አለ። ካርድም ፕሮሰሰርም የሚጠጡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ ላይ 16 አምፔር ይላል። 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት። ካርዴ 185፣ ፕሮሰሰሬ 84፣ ድምሩ 269። ያ 500 የሚለው ቁጥር ለእኔ ጌም ምንም ፋይዳ የለውም ማለት ነው። አሁን ማንም ሰው ፓወር ሰፕላይ ልግዛ ብሎ ፎቶ ሲልክልኝ የሠንጠረዡን ፎቶ እጠይቀዋለሁ፣ የካርቶኑን አይደለም።

ካርዱና ማዘርቦርዱ መትረፋቸውን እስካይ ሳምንት ፈጀብኝ። ቶሎ ለማየት ፈራሁ፣ እውነቱን ልናገር። ወንድሜ ሁለተኛውን ፓወር ሰፕላይ ላከልኝ። ያገለገለ ግን የታወቀ ስም ያለው፣ 450 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚባል የቁጠባ ደረጃ ያለው፣ 12 ቮልቱ 36 አምፔር። ሲባዛ 432 ነው፣ እፎይ። ቀይ ማብሪያ የለውም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የመጣለትን ራሱ ይለያል። 6 ሺህ ብር። ስሰካው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ፋኑ ሲዞር ሰማሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) በ2,600 ገዛሁ፤ ዊንዶውስና የምጫወተው አንድ ሁለት ጌም እዚያ ላይ፣ ሌላው ከዴሉ ጋር በመጣው ሃርድ ዲስክ ላይ። ራሙ አንድ ባለ 8 ነበር፣ ሌላ ባለ 8 በ1,200 ጨመርኩ። ሁለት ሲሆኑ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ዳታ የሚያልፍበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ደምሩት፤ የሞተውን ጨምሮ 40,200 ብር። 200ዋ ከኪሴ ናት።

የኮፒ ቤቱን አሮጌ ሞኒተር ላመጣ አስቤ ነበር። እሱ ግን ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፣ ካርዱ ደግሞ ቪጂኤ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው የምጫወተው። ቴሌቪዥኑ ሙሉ ኤችዲ አይደለም፤ ይሄ ለካርዱ እንዲያውም ጠቅሞታል፣ ሥራው ይቀልለታል። የማይቀለው ከእማዬ ድራማ ጋር ያለው የሰዓት ድርድር ነው።

ካርዱ መጀመሪያ ላይ ይግል ነበር። ጌም ውስጥ 85 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ፈትቼ ሳየው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ተርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ኖራ ሆኗል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁት፣ ወደ 72 ወረደ። የኬዙን ጎን ክፍት ትቼ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፈንኩት፤ አየር ይገባል፣ አቧራና ትንኝ አይገባም። መልኩ ያስቃል። ይሠራል ግን።

ጂማ ዝናብ ሲጥል መብራት ይሄዳል። ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዕቃ የሚገድለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ሲመጣ ዘሎ ነው የሚመጣው። እኔ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ከሶኬት እነቅላለሁ፣ ከመጣ በኋላ የጎረቤቱ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። መሀል ላይ የድሮ ፍሪጃችን ስታቢላይዘር አለ። ቀጭ ቀጭ ሲል ሌሊት ይረብሻል፣ ግን ዝም ሲል ነው የምሰጋው።

እንደገና ብጀምር? መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ፣ ካርዱ መጨረሻ። ወይም ጭራሽ ቀለል አድርጌ ኬብል የማይፈልገውን ዓይነት ጂቲኤክስ 1650 ካርድ እገዛ ነበር። 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ስለሚወስድ የዴሉ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ይበቃው ነበር። አዳፕተር የለ፣ ፍንዳታ የለ። ሜሞሪው ግን 4 ጊጋ ነው፤ በ580ዬ አልቆጭም። የምቆጨው በፕሮሰሰሩ ነው። አራት ኮር ብቻ ስለሆነ ሰፊ ከተማ ያለበት ጌም ላይ ይንተባተባል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል አይቀበልም፤ የእኔ 4ኛ ነው። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ ትንሽ ጨምሮ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 የሚያገኝ ሰው ያግኝ፤ የዴስክቶፑ ስድስት ኮር አለው።

የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ አልጣልኩትም። ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እንዳይበር ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ከቀለለ የተነሳ እሱንም በደንብ አይሠራም።

በሚቀጥለው እቁብ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ነው የምገዛው። እማዬ ግን ለራሷ ሌላ ቴሌቪዥን ትላለች። ቁም ሳጥኑን ገና አልረሳችውም።