የሠዓሊ ምርጫ ያለ ሲቪ

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚዘጋጅ የወጣት ሠዓሊያን የቡድን ዐውደ ርዕይ ምርጫውን እንዳስተባብር ተጠየቅኩ። ከቀድሞው ዙር የተረከብኩት ቅጽ በእንግሊዝኛ ነበር። ሲቪ፣ ረጅም የሥራ መግለጫና የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ይህን ማን ያሟላል? አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ወይም እንግሊዝኛ የሚጽፍለት ጓደኛ ያለው ነዋ። ጎንደር ውስጥ ብራና ላይ መሣል ከአባቱ የተማረ ልጅ ሲቪው ላይ ምን ይሙላ?

ሲቪውን አስወጣሁት። ቅጹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተዘጋጀ። መጻፍ የከበደው ሰው በቴሌግራም ድምፁን ቀርጾ ይላክ አልን። እውነቱን ለመናገር ከጽሑፎቹ ይልቅ ድምፆቹ ጠቀሙን። ሰው ሲያወራ «ማንነትን የሚፈትሽ» ምናምን አይልም። ቀዩን ለምን እንዳበዛው ይነግርሃል።

ፎቶ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ሥዕሉ ያምርለታል። ስለዚህ አጭር መመሪያ አወጣን፦ ደጅ ጥላ ውስጥ ይነሳ፣ ፍላሽ ይጥፋ፣ መስታወት ካለው ይውለቅ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

ቀነ ገደቡ ላይ «12 ሰዓት» ብሎ ብቻ መጻፍ ጠብ መጥራት ነው። አንዱ ምሽት ሲል ሌላው እኩለ ሌሊት ይላል። «ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለን ጻፍን። መብራት ለጠፋበትም እስከ ቅዳሜ ጠበቅን።

ዳኝነቱ ላይ ስም ሸፈንን። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኦርኬስትራዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተፈታኙን ሙዚቀኛ ዳኞቹ እንዳያዩት ከመጋረጃ ጀርባ ያስጫውታሉ። የእኛ የሥዕል መንደር ግን ጠባብ ነው፤ ዳኛው ገና ቀለሙን ሲያይ «ይሄማ የእንትና ነው» ይላል። ስለዚህ ያስተማረው፣ የሚዛመደው ወይም ሥዕሉን የሚሸጥለት ዳኛ ለዚያ ሰው ነጥብ አይሰጥም አልን። ውይይት የሚጀመረውም ሁሉም ነጥቡን ለየብቻ ጽፎ ካስረከበ በኋላ ነው። አንድ አንጋፋ ጋሼ ቀድመው «ይሄ ጥሩ ነው» ካሉ በቃ፣ ይሉኝታ ሌላውን ዝም ያሰኘዋል። ከለወጥናቸው ነገሮች ሁሉ ውጤቱን በጣም የቀየረው ይሄ ነጥብን አስቀድሞ ለየብቻ መጻፍ ይመስለኛል።

ቃለ መጠይቁን ምድር ቤት አደረግነው፤ ሊፍት ከመብራት ጋር ይቆማል። ላላለፉትም ምክንያቱን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላክን። አንዳንዱ ተሟገተን፣ ግን ቢያንስ የሚሟገትበት ነገር አገኘ።

ከክፍለ ሀገር ለተመረጡት የሥዕል ማጓጓዣና የአልጋ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ከመክፈቻው ግብዣ ቀነስን። እንግዶቹ ቆሎ በሻይ ቀረበላቸው፤ ስፖንሰሩ ትንሽ ቅር አለው።