ልደቱን በጠዋት፣ ኬኩን መጀመሪያ

ካቻምና ልጄ 4 ዓመት ሲሞላት የደገስኩት ልደት እስካሁን ይቆጨኛል። ድንኳን ተከራየን፣ ትልቅ ስፒከር አመጣን፣ ዘመድ አዝማድ ጠራን። ጥሪው ለ9 ሰዓት ነበር። ሰው ተሟልቶ የገባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኬኩ "ሰው ይምጣ" ተብሎ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ፣ ልጆቹ ዙሪያውን እየዞሩ "መቼ ነው የሚቆረጠው?" እያሉ፣ በዚህ መሀል ዝናቡ መጣና ሁላችንም ሳሎን ውስጥ ታጨቅን፣ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ባለልደቷ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀስቅሰን ፎቶ አነሳናት። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ዓይኗ አብጧል፣ የወረቀት ዘውዱ ወደ ጆሮዋ ተንሸራቷል። ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

አምና ምንም አላደረግንም። ዘንድሮ 6 ሊሞላት ሲል ራሷን ጠየቅኳት። "ለልደትሽ ምን እናድርግ?" ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና "ቦምቦሊኖ። ከዛ መሀረቤን ያያችሁ እንጫወታለን" አለችኝ። በቃ ይኸው ነው። ድንኳን የፈለግነው እኛ ነበርን።

ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዞርኩት። የልጄ ልደት መጋቢት ላይ ነው፤ በጅማ ደግሞ ዝናቡ መምጣት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ጠዋት ልጆቹም አልደከሙም፣ ግቢውም ደረቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርኣን የሚቀሩ ጓደኞች ስላሏት 5 ሰዓት ላይ ጀምረን 7 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን ብዬ ለወላጆች ደወልኩ። እናቴ ማለቂያውን መናገሬን ስትሰማ "እንግዳ በሰዓት ይባረራል እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ወላጆቹ ግን በጣም ነው ደስ ያላቸው። ልጃቸውን አድርሰው ገበያቸውን ሄዱ። ለልጆች 2 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶና ጠብ ነው የሚመጣው።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው የሚጨነቀው በሥጋ ነው። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው፣ ሥጋ ካለ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ልጅ ደግሞ ጓደኛው ከሚበላበት ሳህን ለምን እንደማይበላ አይገባውም። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳንም አንድ ላይ ገጠሙ። ስለዚህ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሚባል ነገር አላስገባሁም። የምስር ሳምቡሳ፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ በስኳር የተበጠበጠ የሎሚ ውሃ። ኬክም አላዘዝኩም። ቦምቦሊኖውን ማታውኑ በእርሾ አቡክቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ጠበስኩት፣ ትልቁ ትሪ ላይ እንደ ተራራ ከምሬ 6 ሻማ ሰካሁበት። 14ቱም ልጆች ከአንድ ትሪ በሉ።

እባካችሁ ኬኩን መጀመሪያ ቁረጡ! ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ልጅ ኬክ እያየ ጨዋታ አይገባለትም። ልክ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ሻማ ለኮስን፣ መልካም ልደት ዘመርን፣ እፍ አለች፣ በሉ። የዘገየ ልጅ ሲመጣ ድርሻው ተቀምጦ ጠበቀው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ታናናሾች አብረው ይመጣሉ፣ አይቀርም። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻና ቆሎ አትስጡ፣ ሊያንቀው ይችላል። ፊኛም ሲፈነዳ ቁርጥራጩን ወዲያው ሰብስቡ፤ ወደ አፉ ከከተተው ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። እኔ ለዚህ ብቻ የእህቴን ልጅ መድቤ ነበር፣ 15 ዓመቷ ነው፣ ዓይኗን ከትንንሾቹ ሳትነቅል ዋለች።

ከጨዋታው ሁሉ የደመቀው የወንበር ጨዋታ ነው። ከጎረቤት 13 በርጩማ ተዋስኩ። የጅማን በርጩማ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለው። ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ልጅ ተጋፍቶ ቢወድቅም ብዙ አይጎዳም። ሙዚቃ አልከፈትንም። የጎረቤቴ ልጅ ባዶ ጀሪካን እየደበደበች፣ ስታቆም ሁሉም ዘሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ የወጣው ልጅ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጀሪካኑን ለሱ ሰጠነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጀሪካን ለመምታት ሲሉ ሆን ብለው መሸነፍ ጀመሩ። ቀጥሎ መሀረቤን ያያችሁ፣ ቀጥሎ አኩኩሉ፣ እኔ አንድም ጨዋታ አላስተማርኳቸውም።

ስጦታ አታምጡ ብዬ ነበር፤ የሚሰማ የለም፣ ባዶ እጁን መምጣት የሚከብደው ብዙ ነው። የመጣውን ሳልከፍት መኝታ ቤት አስገባሁት። ደብተርና እርሳስ ይዞ የመጣም፣ ትልቅ አሻንጉሊት ያመጣም፣ ምንም ያልያዘም እኩል እንዲጫወት ነው የፈለግኩት። ማታ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ከፈተችው።

7 ሰዓት ላይ እናቶች መጡ። የሚጾሙ ስለነበሩ ቡና ላፍላ ብዬ አላስጨነቅኳቸውም፤ ቆመን አወራን፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። እኔና ልጄ በርጩማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልናቸው። አገጯ ላይ ስኳር ደርቆ ተጣብቋል፣ ልጠርግላት ስል ፊቷን አዞረች። የመጨረሻውን በርጩማ ለጎረቤት መልሰን ስንገባ ዝናቡ ጀመረ።