ለሦስት ዓመት አብሮ የተጫወተ ቡድን ውስጥ እንዴት እንደገባሁ (እና በሦስተኛው ቀን ልባረር ምን እንደቀረኝ)

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ለማታውቁ ባጭሩ፣ በፈረንጆቹ 1974 የወጣ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፣ አንዱ ዲኤም ሆኖ ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው የየራሱን ካራክተር ይዞ ይገባል፣ የምትሞክረው ነገር ይሳካ አይሳካ የሚለየው 20 ጎን ባለው ዳይስ ነው። በቃ።

እኔ የገባሁበት ቡድን ዲኤሙን ጨምሮ አምስት ሰው ነው፣ ሦስት ዓመት አብረው ተጫውተዋል። አንዱ "ድልድዩ" ይላል፣ ሁሉም በሳቅ ይሞታሉ፣ የቱ ድልድይ ብለህ ስትጠይቅ "ተወው ብንነግርህም አይገባህም" ይሉሃል። ክፋት የለባቸውም፣ ግን ሰው ቤት ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ደንቡን አነበብኩ (ሙሉውን አታንብቡ፣ የመረጣችሁትን ክላስ፣ ማለትም የካራክተራችሁን ሙያ ብቻ አንብቡ፣ ሌላው ስትጫወቱ ይገባችኋል)፣ ሮግ (ሌባ ቢጤ ነው) መረጥኩ፣ የካራክተሬን የችሎታ ነጥቦች በዳይስ ከማወጣ ብዬ የተዘጋጀውን 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8 ደለደልኩ። የአንድ ምሽት ስራ ነው።

ጉዱ የመጣው ከባክስቶሪው፣ ከካራክተሬ የኋላ ታሪክ ነው። ዲኤሙ "የፈለግከውን ያህል ጻፍ" አለኝ፣ እኔም ሞኙ አራት ገጽ ጻፍኩ። ካራክተሬ ማንንም አያምንም፣ ብቻውን ነው የሚበላው፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚተኛው፣ ስሙን ሲጠይቁት እንኳን ይዋሻል። እውነቱን ልናገርና የፈራሁት እኔ ነበርኩ። ዝምተኛ ካራክተር ከያዝኩ ዝም ማለቴ ትወና ይመስልልኛል ብዬ ነው። ዲኤሙ ደግሞ አራቱን ገጽ አንብቦ "አሪፍ ነው" አለ። አሪፍ አልነበረም! ሦስት ዓመት የመራ ሰው ይሄ ነገር የት እንደሚያደርስ እንዴት አይታየውም? እስካሁን በዚህ ነገር አኩርፌዋለሁ።

ሁለቱ የመጀመሪያ የጨዋታ ቀኖች በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጫካ ውስጥ ሰፈርን፣ የሌሊት ጥበቃ ተራ ደረሰኝ፣ ሌሎቹ ተኝተዋል። ያኔ ነው "የክሌሪኳን ቦርሳ እፈትሻለሁ" ያልኩት (ክሌሪክ ቁስል የምትፈውስ ካህን ቢጤ ናት)። ማንም አላስገደደኝም፣ ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ እኔ የማደርገውን እነሱም ያደርጉብኛል ብሎ የሚያስብ ሰውዬ ነበር የፈጠርኩት። ዳይሱን ጣልኩ፣ 19 መጣ፣ ካራክተሬ ለሌብነት ካለው 7 ጭማሪ ጋር 26። ቦርሳው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀለበት አለ። "እወስደዋለሁ" አልኩ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ክሌሪኳን የምትጫወተው ልጅ እርሳሷን ቀስ ብላ ወረቀቷ ላይ አስቀመጠችና "እሺ" አለች። እሺ ብቻ። ከዛ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ እርሳሱን አላነሳችውም። እኔ ደግሞ ነገሩ እየገባኝ እንኳን "ካራክተሬ እኮ እንደዚህ ነው የሚያደርገው" አልኩ። ይቺን አረፍተ ነገር ከአፋችሁ ስትወጣ ከሰማችኋት እዛው ዋጧት፣ በእሷ የተጀመረ ነገር በሰላም ሲያልቅ አላየሁም።

በኋላ እንደነገሩኝ ቀለበቱ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ካራክተር ያደርገው የነበረ ነው። ልጁ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲያቆም ካራክተሩ ታሪኩ ውስጥ ሞተ፣ እሷ ዓመት ሙሉ ተሸክማዋለች። በደንቡ ዋጋው ምንም ነው፣ ሰይፍ አያሾል ድግምት የለው።

ዲኤሙን ስጠይቀው "ጨዋታው ውስጥ ፍቱት፣ ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል" አለኝ። ብዙ ሰው ይሄንኑ ነው የሚመክረው፣ እኔ ግን አልስማማም። የተቀየመችው ክሌሪኳ አይደለችም፣ ልጅቷ ናት። ሁለት ቀን ሰግቼ ሰግቼ ደወልኩላት፣ ይቅርታ አልኩ፣ ስለካራክተሬ አንድም ቃል አላነሳሁም። ትንሽ ዝም ብላ "ባትደውል ኖሮ አልመጣም ነበር" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

የሚያበሳጨው ደግሞ የክላሴን ደንብ እንደገና ሳነብ ነው ያየሁት። የሮግ ጉልበቱ ስኒክ አታክ (አዘናግቶ መውጋት) ነው፣ ሌቨል 3 ላይ ለጉዳቱ ሁለት ዳይስ ይጨመርልሃል። ግን እንዲሰራ ወይ አድቫንቴጅ (ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ትልቁን መውሰድ) ያስፈልግሃል፣ ወይ ከምትወጋው ጠላት 5 ጫማ ርቀት ውስጥ ወዳጅህ መቆም አለበት። ማንንም አልፈልግም የሚል ሰው ልፍጠር ብዬ ጓደኛ አጠገቡ ካልቆመ ጉልበቱ ግማሽ የሆነ ክላስ መረጥኩ ማለት ነው። ከፊቴ ተጽፏል እኮ! አራት ገጽ ስጽፍ አንዲት አንቀጽ አላነበብኩም።

ስለዚህ ምክሬ፣ ባክስቶሪ ሦስት መስመር ይበቃል፣ አንዷ መስመር ካራክተራችሁ እነዚህን ሰዎች ለምን እንደሚፈልጋቸው ትናገር። መጠራጠር ይቻላል፣ የኔው አሁንም ይጠራጠራል፣ ግን እየተነጫነጨም ቢሆን አብሮ ይሄዳል። ሌላ፣ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቀን ዝም ብላችሁ ሲጫወቱ እዩዋቸው፣ የድልድዩንም ታሪክ ጠይቁ። ብንነግርህም አይገባህም ካሉ ደግማችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው የጨዋታ ቀን ቀለበቱን መለስኩ፣ ካራክተሬ ምንም ሳይናገር ቦርሳዋ ላይ አስቀመጠው። ከዛ ውጊያ ገባን፣ የነፍሴ ነጥብ ዜሮ ሆኖ ወደቅኩ። ስትወድቅ በየተራህ ዳይስ ትጥላለህ፣ ሦስቴ ከ10 በታች ከመጣብህ ሞተሃል። ሁለቴ መጣብኝ። ክሌሪኳ ሜዳው ማዶ ነበረች፣ ልጅቷ እርሳሷን አነሳች፣ ርቀቱን ቆጠረች፣ "60 ጫማ፣ ይደርሳል፣ ሂሊንግ ወርድ" (ከሩቅ የሚፈውስ ድግምት ነው) አለችና ወደኔ ሳታይ "ተነስ አንተ ሌባ" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

አሁን ስምንት ወር ሆነኝ። የሌሊት ጥበቃ ግን እስካሁን ለብቻዬ አይሰጡኝም።