ከአፈ ቅቤው ኤአይ ጋር ሦስት ወር

ሰላም ናችሁ? ኤአይ (ጽፈው ሲጠይቁት ጽፎ የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየተለማመድኩ ነው ብያችሁ ነበር፤ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ለማታውቁኝ፣ እዚህ ጅማ የአጎቴን የቡና መዝገብ እይዛለሁ። ስንት ፈረሱላ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ገባ፣ ስንት ተከፈለ፣ ማን ቀረው፣ እሱን ነው።

መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቀው ነበር። ጥፋቴ እሱ ነው። አንድ ቀን 74110 ስለሚባለው የቡና ዝርያ ጠየቅኩት። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 (በፈረንጆቹ) አገራችን ከገባ በኋላ፣ ይቋቋማሉ ተብለው ከተመረጡት አንዱ ነው፤ 74ቱም የተመረጠበት 1974 ነው። እሱ ግን 74ቱን የማሳ ቁጥር አደረገውና ሙሉ ታሪክ ፈጠረለት፣ ያውም እንዴት ባማረ አማርኛ! አጎቴ ሳነብለት «አፈ ቅቤ» ብሎ ሳቀ።

ነገሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ነው የሚገምተው። ሲያውቅም ሲስትም ድምፁ አንድ ነው። ሰው እንኳ ሲዋሽ ትንሽ ይንተባተባል።

ስለዚህ ገለበጥኩት። መረጃውን እኔ እሰጣለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ እኔ አጣራለሁ። በጣም የጠቀመኝ ኤክሴል ላይ ነው። ፈረሱላን ወደ ኪሎ የሚቀይር ፎርሙላ ጻፍልኝ አልኩት፤ 23 ፈረሱላ አስገብቼ ስሞክረው 368 አለኝ። በ16 አባዝቶታል! እኛ ጋ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ 391 መሆን ነበረበት። ባላየው ኖሮ በአንድ መስመር ብቻ 23 ኪሎ ቡና ውሃ በልቶት ነበር። 17 ነው ስለው አስተካከለ፣ ያልተከፈለውንም ቀይ የሚያደርግ ጨመረልኝ። ይሄን ብቻዬን ብሞክረው ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

ለእህቴም የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለማምዳታል፤ ጥያቄው ቢዛነፍም የሚጎዳው ሰው የለም። ለገበሬዎች የምልከውን መልእክት በአፋን ኦሮሞ ሳስጽፈው ግን አጎቴ አንብቦ «ይሄ የየት አገር ኦሮምኛ ነው?» አለኝ። እሱን ትቼዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ቀን መቀየሪያ ነው፤ ደረሰኞቻችን በእኛ አቆጣጠር፣ ኤክሴሉ በፈረንጅ። መስቀል ብዙውን ጊዜ በእነሱ ሴፕቴምበር 27 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን 28 ነው። መቀየሪያውን ስሞክረው መጀመሪያ የማስገባለት ይቺን የ28ቷን መስቀል ነው።