ኢንቴል ተብሎ ኤኤምዲ የመጣበት ጨረታ

በ2011 ዓ.ም. ሐዋሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ጨረታ ያሸነፈው አቅራቢ በውሉ የተጠቀሰው ባለ ኢንቴል ዴስክቶፕ ከአምራቹ ሊገኝ አለመቻሉን ገልጾ፣ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያከናውነው ዋና ቺፕ) ያለው የዚያው አምራች ኮምፒውተር እንዲተካለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ከናሙና ጋር አስገባ። የግዥ ኮሚቴው ርካሽ ዕቃ ሊያሸክመን ነው ብሎ ጠረጠረ። በገበያችን «ኢንቴል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ቀድሞ የሚነሣ በመሆኑ ጥርጣሬው የሚያስገርም አልነበረም።

ጉዳዩን አጣርቼ የሙያ አስተያየት እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ምክንያቱ እውነተኛ ነበር፤ ኢንቴል በ2018 እ.ኤ.አ. መስከረም የአቅርቦት እጥረት መኖሩን በይፋ አምኖ፣ ለሰርቨርና ከፍ ላሉ ፕሮሰሰሮች ቅድሚያ እንደሚሰጥ አስታውቆ ስለነበር፣ እጥረቱ የበረታው እኛ በምንገዛቸው ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አምራቾች ፕሮሰሰር የሚመርጡት በፍጥነትና በዋጋ ብቻ አለመሆኑን ለኮሚቴው ያስረዳሁትም በዚሁ አጋጣሚ ነው። ኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. 8088 የተባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ለመጀመሪያው ፒሲው (የግል ኮምፒውተሩ) ሲመርጥ ሁለተኛ አቅራቢ እንዲኖር በመፈለጉ፣ ኤኤምዲ የኢንቴልን ፕሮሰሰር በፈቃድ እንዲያመርት በ1982 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተደርጓል። ሌላው ኮምፒውተር አምራች ዴል በአንጻሩ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ከኢንቴል ጋር ብቻ ጸንቶ ቆይቷል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጄ፣ ይህን ተቀብለን ኢንቴሉ ሲገኝ ፕሮሰሰሩን ብቻ ብናስለውጠውስ?» አሉኝ። ናሙናውን ፈትቼ ማቀዝቀዣውን ሳነሣ፣ በሙቀት አስተላላፊው ቅባት የተጣበቀው ፕሮሰሰር አብሮ ተነቅሎ ወጣ፤ የዚህ ዓይነቱ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) የታወቀ ጠባይ ነው። ከሥሩ 1331 ፀጉር የሚያካክሉ እግሮች ተደርድረዋል። ከመጋዘን ያስመጣሁት የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን ሥሩ ለጥ ያለ ነው፤ 1151ዱ እግሮች ያሉት በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ሶኬት ውስጥ ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ካገላበጡ በኋላ «እንግዲያው ይሄ ቦርድ ቢበላሽብን ምትኩን ማን ያቀርብልናል?» ሲሉ ጠየቁ።

ውይይቱ ከዚያ በኋላ ከስም ወደ መለዋወጫ ዞረ። የሒሳብ ፕሮግራማችንንና ማተሚያዎቻችንን በናሙናው ላይ ሞክረን እንከን አላገኘንም። ኮሚቴው ለውጡን የተቀበለው ዋጋው እንዲቀንስ፣ መጠባበቂያ ማዘርቦርዶች አብረው እንዲቀርቡ፣ እንዲሁም የዋስትና ጥገናው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ሐዋሳ እንዲሰጥ በማስገደድ ነበር። አቅራቢው በማዘርቦርዶቹ ጉዳይ ብዙ ካጉረመረመ በኋላ ፈረመ።