ልጄን የሚወስድልኝ ሰው ስጠኝ ብዬ ነበር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያፈርኩት በጌታ ሥራ አይደለም፤ በራሴ ጸሎት ነው። ሌት ተቀን የለመንኩት "ልጄን የሚወስድልኝ ሰው ስጠኝ" እያልኩ ነበራ።

ልጄ ያኔ የአራት ወር ሕፃን ነው። አባቱ ማርገዜን የነገርኩት ዕለት ስልኩን ዘጋ፤ እንደዘጋ ቀረ። ቤተሰቦቼም ፊት ነሱኝ። አንዲት ጓደኛዬ አስጠጋችኝ። እሷ ደግ ናት፤ ቤቷ ግን አንድ ክፍል ነው፣ ባልም አላት። ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ ባልየው ይገላበጣል እንጂ ምንም አይልም። ያ ዝምታ ከስድብ ይብስብኝ ነበር። ልጁን አቅፌ ደጅ እወጣለሁ። ያን ጸሎት የጸለይኩት እዚያ ቆሜ ነው። ስለ ራሴ ትንፍሽ አላልኩም። እኔማ የትም ብወድቅ ግድ አልነበረኝም።

አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄድኩ። "ልጁን እንቀበላለን፤ እናት ግን አንይዝም" አሉኝ። ወረቀት ቀረበልኝ። ልጁ እየጠባ ስለነበር ጸሐፊዋ "ይጥገብና ትፈርሚያለሽ" አለችኝ። እሱ ግን የዚያን ቀን ተዝናንቶ ነው የጠባው። ትንሽ ይጠባል፣ ያርፋል፣ ያየኛል፣ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ ጡቴን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ላላቅቀው ብል እጄ እምቢ አለኝ። "ነገ እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ። ሴትየዋ አልተቆጣችም። እንደኔ ያለችውን ብዙ ሳታይ አልቀረችም።

ማታ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቃላችሁ? "ጌታ ሆይ፣ አንተ በር ከፈትክለት፤ እኔ ዘጋሁበት፤ ይቅር በለኝ" ነው ያልኩት። ልጄን ባለመስጠቴ ንስሐ ገባሁ!

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እኅት ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ክርስቲያኖች ልጆች የሚያሳድጉበት ቤት ነው አለችኝ። ደወልኩና የተለማመድኩትን አነበነብኩ። አራት ወሩ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ክትባቱን ወስዷል፣ ብዙም አያለቅስም። የመጨረሻዋ ውሸት ናት። ስልኩን ያነሳችው ሴት ዝም ብላ ሰማችኝና፣

"አንቺስ? አንቺ የት ልታድሪ ነው?" አለችኝ።

ከወለድኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። "እናቶችንም ከነልጆቻቸው እንቀበላለን። ይዘሽው ነይ" አለች።

ዘፍጥረት 21 ላይ አጋር ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ፣ ሲሞት አላይም ብላ ርቃ ትቀመጣለች። ድሮ ሳነበው እፈርድባት ነበር። ምን ዓይነት እናት ናት እል ነበር። እግዚአብሔር ግን ልጁን ለሌላ ሰው አልሰጠባትም። ተነሺና አንሺው አላት። ከዚያ ዓይኗን ከፈተላትና የውኃውን ጉድጓድ አየች። ያን ምዕራፍ ዛሬም ሳላለቅስ አንብቤ ጨርሼው አላውቅም።

የገባሁበት ቤት መላእክት የሚኖሩበት እንዳይመስላችሁ። ዘጠኝ እናቶች ነበርን፤ በልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። የጠዋት ጸሎት ላይ ያንቀላፋሁባቸው ቀኖች ካልተኛሁባቸው ይበልጣሉ። ግን ሌሊት ልጄ ሲያለቅስ የሚገላበጥብኝ አልነበረም። ጎኔ የተኛችው እናት ተነስታ "አምጪው፣ አንቺ ትንሽ ተኚ" ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ይዛው የምትጠፋ እየመሰለኝ አልሰጣትም ነበር።

የቤቱ ሶሻል ወርከር አንድ ቀን ያነበበችልኝን አልረሳውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሕፃናት አማራጭ ክብካቤ፣ ማለትም ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ስላልቻሉ ልጆች አያያዝ፣ አንድ መመሪያ ተቀብሏል። ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። እኔ ደሃ ስለሆንኩ እናትነቱ የማይገባኝ ይመስለኝ ነበር። "እስቲ ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ።

ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳድግ ስለነበረው ክርስቲያን ስለ ጆርጅ ሙለርም የሰማሁት እዚያው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1836 እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ በተከራየው ቤት ልጆች ማሳደግ ጀመረ። ገንዘብ ስጡኝ ብሎ ሰው ሳይለምን፣ በጸሎት ብቻ፣ ከ10,000 በላይ ልጆች ደርሰውለታል። እምነቱ ያስቀናኛል። ግን ይቀበል የነበረው አባትም እናትም የሞቱባቸውን ነው አሉን። በልቤ "እንግዲያው የኔ ልጅ አያልፍም ነበር፤ እኔ አለሁበታ!" ብዬ ሳቅሁ።

እናት የሌላቸው ልጆችም በቤቱ ነበሩ። አንዷ የአምስት ዓመት ልጅ ልጄን ሳጠባ እየመጣች ጉልበቴ ላይ ትደገፋለች። አንድ ቀን "እማ" አለችኝ። ዝም አልኩ። እሺ ብላት ነገ እወጣለሁ፤ እምቢ ብላት ምን ልላት ነው? ፀጉሯን መሥራት ጀመርኩ። ከጊዜ በኋላ አክስቷ ተገኘችና ወሰደቻት። ደስ ብሎኝ ሸኘኋት፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁንም በየቀኑ እጸልይላታለሁ።

እኔ እዚያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ፤ ልብስ ስፌት ተማርኩ። አሁን ክፍል ተከራይተን ከልጄ ጋር እንኖራለን። የአባቱ ስልክ ዛሬም ዝግ ነው። ስለ እሱ የጸለይኩት አልተመለሰልኝም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ከአባቴ ጋር ግን በበዓል መደዋወል ጀምረናል።

እና ወገኖቼ፣ የስፌት መኪናዬ ከሰሞኑ ክር እየበጠሰ አስቸግሮኛል፤ የተቀበልኩት ሥራም ለዓርብ ይፈለጋል። ስትጸልዩ አስቡኝ።